የወገራ ብርድና የዳሽን ድራፍት

ዳሽንን በሀገሩ ልጠጣው ብዬ ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራው ፖስታ ቤት ፈንጠር ብሎ ከሚገኝ ግሮሰሪ ተቀመጥኩ። ድራፍቱ የገለባ ቀለም አለው። ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና፣ የአየሩ ግፊት ስለሚሳሳ አረፋው ቶሎ ይገነፍላል። መጀመሪያ ብቅሉ ጣፈጥ ይላል፤ ምሬቱ ዘግይቶ ምላስ ሥር ይደርስና ሳይቆይ ይሄዳል። ከጠርሙሱ ይልቅ ድራፍቱን ወደድኩት፤ የእህሉ ጠረን አልጠፋበትም። ዳሽን ላገር የሚባለው ዓይነት ቢራ ነው፤ ላገር በቅዝቃዜ ይብላላል፣ ከዚያም ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ብርድ ለሳምንታት ያርፋል። ጉድለቱን የሚሸፍንለት ብርቱ ጣዕም ስለሌለው፣ ጠማቂው የቸኮለበት ላገር ወዲያው ያስታውቃል።

ለዓመታት በኖርኩበት ጀርመን ከቢራው ጋር የጠማቂውን ቤተሰብ ስምም ማወቅ የተለመደ ነው። ባምበርግ ከተማ ሽሌንከርላ የሚባለውን ቤት የትሩም ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበለ ይዞታል፤ ብቅሉን በእንጨት ጭስ ስለሚያደርቁት ቢራው ጭስ ጭስ ይላል። የእኛ ፋብሪካዎች ታሪክ ሌላ ነው። በ1992 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዳሽን የአማራ ክልሉ የጥረት ድርጅት ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. የውጭ ባለሀብቶች ገቡበት። በስሜን ተራሮች እንስሳ ስም የተሰየመው ዋልያ የሄኒከን ነው። ጊዮርጊስን የሚጠምቀው ቢጂአይ ደግሞ የፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ ነው። የጎንደር ቤተሰብ ስም ያለበት ጠርሙስ ፈልጌ አላገኘሁም።

ቤተሰቡን ያገኘሁት ወገራ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ አምባ ጊዮርጊስ ሲቃረብ ብርዱ አጥንት ድረስ ይሰማል፤ ግራና ቀኙ ገብስ ነው። በእንጨት ጫፍ ጣሳ ከተደፋበት ደጃፍ ወርጄ ገባሁ። እመቤቲቱ ኮረፌ የሚባለውን የገብስ መጠጥ ቀዱና አስቀድመው ራሳቸው ቀመሱ። «እንካ ልጄ፣ ቀስ ብለህ» አሉኝ።

ደፈርስ ያለ ነው። የተቆላ ገብስ፣ የጌሾ ምሬት፣ ምላስ የሚቆነጥጥ ኮምጣጣነት አለው፤ ከሥሩ ደግሞ ጋኑ የታጠነበት ወይራ ይሸታል። ባምበርግ ትዝ አለኝ፣ እዚህ ግን ጭሱ ያለው ዕቃው ላይ ነው። አሠራሩን ጠየቅኳቸው። ገብሱ ይፈተጋል፣ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ከዚያ ከደረቀ የጌሾ ቅጠል ጋር ተደፍድፎ ለወራት ጋን ውስጥ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ወይም ደቦ ሲጠራ ከድፍድፉ ተዘግኖ ውሃ ይጨመርበትና በማግሥቱ ይጠጣል።

«ለወራት ሳይበላሽ?» አልኳቸው።

«ብርዱ ይጠብቀዋል። ቆላ ቢሆን ይሆመጥጥብኝ ነበር።»

ፋብሪካው በማቀዝቀዣ የሚያገኘውን እርጋታ እኒህ ሴት ከደጋው አየር ያገኙታል። እርሾው አንድ አይደለም፤ ላገር በተመረጠ እርሾ ይጠመቃል፣ ኮረፌን ግን የሚያብላላው ከእህሉ፣ ከጌሾውና ከጋኑ የሚመጣ ነው፤ ኮምጣጣነቱም ከዚያ ነው። ትዕግሥቱ ግን ያው ነው። እናታቸው ከአያታቸው፣ እሳቸው ከእናታቸው ተቀብለዋል፤ አሁን ጌሾውን የምትወቅጠው ልጃቸው ናት። ይህ የቤተሰብ ጠመቃ ካልተባለ የቱ ሊባል ነው? ኮረፌ ከመንደሩ ርቆ መሄድ አይችልም፣ ውሃ ገብቶበት በደረሰበት ቀን ካልተጠጣ ይበላሻል። ስለዚህ ባለሙያዋን የሚያውቃት ጎረቤቷ ብቻ ነው፣ ይህም ያንገበግበኛል።

ጎንደር ብቅል ፋብሪካ አለው፣ ወገራ ገብስ አለው፣ ጌሾ በየጓሮው ይበቅላል፤ ለቢራ የሚሆነው ሆፕስ ግን ከውጭ በዶላር ይገባል። አንድ የጎንደር ጠማቂ በወገራ ገብስ፣ በጌሾ ምሬት፣ በወይራ በታጠነ ብቅል ላገር ቢሞክር ብዬ ተመኘሁ። ቢሳካለት በጠርሙሱ ላይ የእኒህ ሴትና የልጃቸው ስም መጻፍ አለበት፣ የሽያጩም ድርሻ ለእነሱ።