ውሃው መጣ፤ ውጤቱስ?

በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ሌሊት ሲመጣ ሮቶ ይሞላል፣ ጀሪካን ይሰለፋል፣ «ተመስገን» ይባላል። ንጹሕ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መምጣቱ ራሱ ብርቅ ስለሆነ ስለ ጥራቱ ማንሳት ቅንጦት መስሎናል።

ቅንጦት አይደለም ወገን! የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃ በቁጥር የተቀመጠ ነው። ውሃው በሰገራ መነካቱን የሚጠቁመው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም። ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። በስምጥ ሸለቆ ያደገ ብዙ ሰው ቁጥሩን ባያውቀውም ውጤቱን በጥርሱ ተሸክሞታል፤ ጥርሱን ያበለዘው ልጅ ሆኖ የጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው።

ታዲያ ቁጥር ካለ ጥያቄው የት ይለካል የሚለው ነው። ከለገዳዲ ማጣሪያ የወጣ ውሃ ክሎሪን ይዞ ይነሳል። መስመሩ ለቀናት ሲደርቅ ግን በቧንቧው ውስጥ ግፊት አይኖርም፤ በተሰነጠቀው በኩል በዙሪያው ያለ ፍሳሽ ይሰርጋል። ሮቶ ውስጥ ሲከርም ደግሞ የቀረው ክሎሪን እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ፈረቃ የመጠን ብቻ ሳይሆን የጥራትም ጉዳይ ነው። ማጣሪያው በር ላይ የተገኘ ጥሩ ውጤት ስለ እኔ ብርጭቆ ብዙ አይነግረኝም።

ሌላው ነገር፣ ውሃውን የሚያቀርበው አካል ራሱ ይመረምራል፤ የጤናው ዘርፍም የመቆጣጠር ኃላፊነት አለበት። የሰፈሬን ውጤት ግን በወረዳችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፎ አይቼ አላውቅም። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ የከተማዋ ውሃ ውስጥ ምን እንደተገኘ የሚናገር ሪፖርት በየዓመቱ ይደርሳታል፤ ሕግ ያስገድዳል። እዚያም ቢሆን ወረቀት ብቻውን አያድንም። በ2014 እ.ኤ.አ. ፍሊንት ከተማ የውሃ ምንጭ ስትቀይር ባለሥልጣናቱ «ደህና ነው» አሉ። የእርሳስ ብክለቱን ያጋለጡት ዝም ያላሉ ነዋሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አንዲት የሕፃናት ሐኪም ናቸው።

አተት በገባ ቁጥር «አፍልታችሁ ጠጡ» እንባላለን። ምክሩ ትክክል ነው፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል። ፍሎራይድን ግን አይቀንስም፤ የከሰሉንና የመብራቱን ወጪም የሚሸከመው ቤተሰቡ ነው።

ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ናሙና ከቤታችን ቧንቧ ይወሰድ፤ ውጤቱ በየወሩ በየወረዳው ይለጠፍ፤ ከሻጩ ውጪ ያለ ላቦራቶሪም ያረጋግጠው። ቢል በየወሩ ማድረስ ከተቻለ፣ ከቢሉ ጀርባ ሁለት ቁጥር ማተም አይከብድም።