ሰባኪውና ተፎካካሪው

አንባቢ ሆይ! ለአንድ የሥራ እድገት ተወዳድሮ የበለጠህን ሰው ሰላም ትለዋለህን? እኔ አልልም። ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የሚቀመጠውን ባልደረባዬን ካኮረፍሁት ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ስለዚህም የአሜሪካዊውን ሰባኪ የፒተር ካርትራይትን ታሪክ ሳነብ ስለ እኔው የተጻፈ መሰለኝ።

ካርትራይት (ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ልንገርህ) በ1785 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ተወለደ፤ ያደገው ግን ሠፋሪዎች ደን እየመነጠሩ ይኖሩበት በነበረው በኬንታኪ ጠረፍ ነው። በልጅነቱ የፈረስ እሽቅድምድምና የካርታ ጨዋታ ይወድ ነበር። በ1801 ንስሐ በገባ ጊዜ ፈረሱን እንዲሸጥለት ለአባቱ ሰጠ፤ ካርታውን እናቱ ተቀብላ እሳት ውስጥ ጣለችው። ኋላም የሜቶዲስት ሰባኪ ሆነ፤ በ1806 ከጳጳሱ ከፍራንሲስ አዝበሪ እጅ ዲቁና ተቀበለ፤ ወንዝ እያቋረጠ በፈረስ ከጎጆ ጎጆ ሲሰብክ ኖረ። ጉባኤውን የሚበጠብጥ ጎረምሳ ቢመጣ በጡጫ ለመግጠም የማይመለስ ሰው ነበር፤ ይህንንም ራሱ በ1856 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ሳያፍር ጽፎታል።

ባርነትን ይጠላ ስለ ነበር በ1824 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኢሊኖይ ተሻገረ። በ1832 ለኢሊኖይ ምክር ቤት ሲመረጥ፣ በዚያው ምርጫ ከወደቁት አንዱ የ23 ዓመቱ አብርሃም ሊንከን ነበር። በ1846 ሁለቱ ለዋሽንግተኑ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተፎካከሩ። በሰባኪው ወገን ሊንከን ሃይማኖት የለውም ተብሎ ተወራ፤ ሊንከንም ማስተባበያ አሳትሞ በተነ፤ አሸነፈም። እንዲህ ያለው ወሬ፣ አንባቢዬ፣ ምርጫው ቢያልፍም ከልብ ቶሎ አይወጣም።

ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1859፣ የካርትራይት የልጅ ልጅ ኩዊን ሃሪሰን በጠብ መካከል ግሪክ ክራፍተን የተባለውን ወጣት በቢላዋ ወግቶ ገደለው። ሟቹ በሊንከን ቢሮ ሕግ የተማረ ነበር። ሆኖም ለተከሳሹ ጠበቃ ሆኖ የቆመው ሊንከን ነው። ሽማግሌው ሰባኪ ለምስክርነት ቀረበና፣ ክራፍተን በሞት አፋፍ ሳለ ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ ገዳዩን ይቅር እንዳለው ተናገረ። ዳኛው ይህን ቃል ለመቀበል ቢያመነታም ሊንከን አጥብቆ ተከራከረ፤ ልጁም ነጻ ወጣ።

እኔን የያዘኝ የፍርዱ መጨረሻ አይደለም። ያ የ74 ዓመት ሽማግሌ በምስክር ወንበር ተቀምጦ፣ ሃይማኖት የለውም ተብሎ ለተወራበት ሰው ጥያቄ ሲመልስ ፊቱ ምን ይመስል እንደ ነበር ነው።

ትናንት ባልደረባዬ አንድ መዝገብ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያኖር ቀና ብዬ አየሁት። «እግዜር ይስጥልኝ» ለማለት ግን አፌ እምቢ አለኝ።