በእጅ ስልክ ስለሚገኝ የልጆች ትምህርት

ወላጅ ለልጁ ከሚያወርሰው ሀብት ሁሉ ዕውቀት እንደሚበልጥ የማያምን ሰው በዛሬው ዘመን እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን ዕውቀትን መውደድና ዕውቀት የሚገኝበትን መንገድ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህንንም የተረዳነው በገዛ ቤታችን በደረሰብን ነገር ስለ ሆነ፥ ለሌሎች ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ሳንደብቅ ልንጽፈው ወደድን።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን በተገለጠ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በአዲስ አበባም ብዙ መምህራን ትምህርቱንና የቤት ሥራውን በቴሌግራም ወደየቤቱ ይልኩ ጀመር። ልጃችን ያን ጊዜ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እኛም ለልጅ ስልክ መስጠት ልጅን ማባለግ ነው እያልን እንናገር የነበርነው ሰዎች፥ ግድ ሆኖብን ስልካችንን በገዛ እጃችን ሰጠናት። ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ከተከፈቱ በኋላም ልማዱ አልቀረም፤ እንዲያውም ሰባተኛ ክፍል በገባች ጊዜ፥ ለትምህርቷ ይረዳታል ብለን የራሷን ስልክ ገዛንላት። ከገዛንላትም በኋላ ግዴታችንን የፈጸምን መስሎን ወደየሥራችን ተመለስን።

በዚያው ዓመት የሒሳብ የቤት ሥራዋ አንድም ስሕተት የማይገኝበት ሆነ። እንግዳ በመጣ ቍጥር ደብተሯን እያስመጣን እናሳይ ነበር። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ካለፈ በኋላ ግን ውጤቷን ብንጠይቃት፥ ወረቀቱ ገና አልተመለሰልንም እያለች ሁለት ሳምንት አቆየችን። በመጨረሻም እናቷ አንድ ቃል ልትፈልግ መዝገበ ቃላቱን ብትገልጥ፥ የፈተናው ወረቀት አራት ጊዜ ታጥፎ ከውስጡ ወደቀ። ከ100 ያገኘችው 34 ነበር።

እኛም ከውጤቱ ማነስ ይልቅ መደበቋ አስቈጣን፤ ስልኩንም ወርውረን ልንሰብረው ቃጣን። አያቷ ግን ከመደባቸው ሳይነሡ፥ «ዝም በሉ እስኪ» አሉንና ልጅቱን ወደ እርሳቸው ጠርተው፥ «ያን ሁሉ የቤት ሥራ እንዴት አድርገሽ ነበር የሠራሽው?» ብለው ጠየቋት። እርስዋም እያለቀሰች፥ «ስልኩ ነው የሠራው እማማ፤ እኔ ገለበጥኩት እንጂ አልሠራሁትም። ስገለብጠው ግን የገባኝ ይመስለኝ ነበር» አለች። ነገሩም የሒሳብ ጥያቄ በፎቶግራፍ ሲነሣለት መልሱን ከነአሠራሩ ጽፎ የሚያቀርብ፥ አፕ የሚባል መሣሪያ ነበር። ከዚህ በኋላ አያቷ ወደ እኛ ዘወር ብለው፥ «እናንተስ አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ?» አሉን። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም።

«የገባኝ ይመስለኝ ነበር» ያለችው ቃል ከአእምሯችን ስላልወጣ ነገሩን መመርመር ያዝን። በአሜሪካ የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው በቱርክ አገር ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ምርመራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2025 አሳትመዋል። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ በሒሳብ ልምምድ ጊዜ የጠየቁትን ሁሉ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ መልሱን ሳይሆን ፍንጩን ብቻ የሚሰጥ ተሰጣቸው፤ የቀሩት በመጽሐፋቸው ብቻ ሠሩ። በልምምዱ ጊዜ የፊተኞቹ ከመጽሐፍ ተማሪዎቹ 48 በመቶ፥ ሁለተኞቹም 127 በመቶ በልጠው ተገኙ። በኋላ መሣሪያው ተወስዶ ሁሉም ባዶ እጃቸውን ሲፈተኑ ግን፥ መልስ ይሰጣቸው የነበሩት መሣሪያውን አይተው ከማያውቁት 17 በመቶ አነሡ። ፍንጭ ብቻ ይሰጣቸው የነበሩት ግን ይህ ጉዳት እምብዛም አልታየባቸውም። እንግዲህ በልጃችን ላይ የደረሰው በብዙዎች ላይ የሚደርስ ኖሯል።

ምክንያቱም ረቂቅ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት፥ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችንና አንድ ጊዜ አንብበው ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉ ተማሪዎችን አወዳደሩ። ከሳምንት በኋላ ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፥ ዘግተው የጻፉት 56 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ዕውቀት ከልብ የሚተከለው ሲያዩት ሳይሆን ከልብ ቈፍረው ሲያወጡት ነው ማለት ነው። ይህንን ስናነብ በልጅነታችን ፊደል ያስቈጠሩን የኔታ ትዝ አሉን። ተራውን በዜማ ስንወርደው ዝም ብለው ይሰሙንና፥ ወዲያው በአለንጋቸው ጫፍ ከገበታው መካከል አንዱን ፊደል ነክተው «ይህስ?» ይሉን ነበር። በቃል የሸመደደና በእውነት ያወቀ የሚለዩት በዚያች ጥያቄ ነበር። እኛ ለልጃችን ስልክ ስንገዛላት ያላሰብነው «ይህስ?» የሚላትን ሰው ነው።

ስለዚህ ስልኩን መስበሩን ትተን በውስጡ ያለውን መምረጥ ጀመርን። መልስ የሚሰጠውን አጠፋን፤ ጥያቄ የሚጠይቀውን አስገባን። ከእነዚህም አንዱ ካን አካዳሚ የሚባለው ነው። ሳልማን ካን የተባለ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 በቦስተን ከተማ ሆኖ፥ በሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት የዘመድ ልጅ ሒሳብ ቢያስቸግራት በስልክ ያስጠናት ጀመር፤ ከዚህ የተነሣ ነው ዛሬ ያለ ክፍያ ለዓለም ልጆች የሚደርሰው ትምህርት የተጀመረው። መነሻው መሣሪያ ሳይሆን ለዘመዱ ልጅ ጊዜውን የሰጠ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል። ሁለተኛው ጂኦጄብራ ነው፤ ማርኩስ ሆሄንቫርተር በኦስትሪያ አገር በሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ2001 የጀመረው ሲሆን፥ ተማሪው አንዱን ቍጥር ሲለውጥ መስመሩ እንዴት እንደሚዘም ወዲያው ያሳየዋል። ሦስተኛው በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2002 የተጀመረው ፌት ነው፤ የኤሌክትሪክን፥ የብርሃንንና የኃይልን ጠባይ ቤተ ሙከራ ለሌለው ልጅ በሥዕል እንዲፈትነው ያደርጋል።

ለቤታችንም ሥርዓት አወጣን። አስቀድማ ጥያቄውን ያለ ስልክ በወረቀት ትሞክራለች፤ ብትሳሳትም አንቈጣም። ቀጥሎ ያልገባትን ብቻ በስልኩ ትመለከታለች። ከዚያ ስልኩ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥና፥ የተማረችውን ለአያቷ በቃልዋ ታስረዳለች። ከሦስት ቀን በኋላም ያንኑ ጥያቄ እንደገና እንሰጣታለን። ይህ ሁሉ ለእኛ ያለ ዋጋ አልሆነም፤ ማታ ማታ ዜና የምንሰማበትንና ከወዳጆቻችን ጋር የምንጫወትበትን አንድ ሰዓት ሰጥተንበታል።

አያቷ አልጀብራ የሚባለውን ከቶ አያውቁም፤ ስለዚህ ከሁላችን የተሻሉ ጠያቂ ሆኑ። አንድ ቀን ማታ «ይህ ኤክስ የምትይው ማን ነው?» አሏት። ልጅቱም ጥቂት አስባ፥ «የማናውቀው ቍጥር ነው እማማ። ሌማቱ ውስጥ ስንት እንጀራ እንዳለ አናውቅም እንበል፤ ሦስት ቢጨመርበት ዐሥራ አንድ ከሆነ፥ በፊት ስንት ነበረ?» አለቻቸው። አያቷም፥ «ስምንት ነዋ! ይህን ለማወቅ ስልክ ምን ይሠራል?» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ልጅቱ ግን እየሳቀች፥ «አሁን እኮ ገባኝ፤ ለካ ሦስቱን መልሼ መቀነሴ ለዚህ ነው» አለች። ያችን ቃል ከስንት ንጹሕ ደብተር አብልጠን ወደድናት።

በገጠር ያሉ ልጆች ኢንተርኔት ስለማያገኙ ይህ ሁሉ የከተማ ልጅ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኖራል። ነቀፌታው እውነት አለበት። ሆኖም ኮሊብሪ የሚባለው መሣሪያ ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ትምህርቱ አንድ ጊዜ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ በኋላ፥ በዚያው ክፍል ያሉ ተማሪዎች ያለ ኢንተርኔት ይማሩበታል። የትምህርት ጉዳይ በእጃቸው የሆነ ሹማምንት ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ነገር ግን እዚያም ቢሆን «ይህስ?» የሚል መምህር ካልቆመበት፥ መሣሪያው ብቻውን ከሥዕል ማሳያ አያልፍም።

በዓመቱ መጨረሻ ልጃችን በሒሳብ ከ100 68 አገኘች። ለእንግዳ የሚያሳዩት ውጤት አይደለም፤ ነገር ግን ወረቀቱን በተመለሰላት ዕለት ከቦርሳዋ አውጥታ በገዛ እጅዋ ሰጠችን። ከጥቂት ሳምንት በፊት ደግሞ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፥ «ዛሬ ቸኵዬ በጓደኛዬ ስልክ አንዱን ጥያቄ ፎቶ አንሥቼ ነበር» አለችን። ሳንቈጣ፥ «እንግዲያውስ ያንኑ ጥያቄ ለአያትሽ አስረጂያቸው» አልናት፤ እርስዋም ሄዳ ከአያቷ አጠገብ ተቀመጠች። ወላጆችም ለልጆቻችሁ ስልክ በገዛችሁ ቀን፥ አብራችሁ ከማታው አንድ ሰዓት ስጧቸው፤ ገንዘቡ ለስልኩ ይበቃል፥ ለትምህርቱ ግን አይበቃም።