የጥር ሒሳብ

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው አስፋልት የሚጓዝ ሰው፣ ይፋግ ሳይደርስ የሙሽራ አጀብ ሳያጋጥመው አይቀርም። የሙሽሮቹ መኪና የኪራይ ይሁን የዘመድ ለማወቅ አበባው በምን እንደተያዘ ልብ ማለት ይበቃል። የኪራይ ከሆነ ሾፌሩ «ቀለሜን እንዳታነሡብኝ» እያለ ፕላስተር ስለማያስነካ፣ አበባው በጥብጣብ ታስሮ በነፋስ ይወዛወዛል። የአጎት ከሆነ ግን ፕላስተሩ ከፊት እስከ ኋላ እንደ ልብ ተለጥፏል፤ አጎት ሳምንቱን ሙሉ በቤንዚን ሲፍቅ ይከርማል። ከኋላ ባጃጆቹ ይከተላሉ። አንዲት ባጃጅ ስንት አጃቢ እንደምትችል በጥር ያላየ ሰው አይገምትም። በጥሩንባ ግን ከመኪናው አይተናነሱም፤ በሰርግ ቀን ያለ ኪራይ የሚገኝ ነገር ቢኖር ጥሩንባ ነው።

ወጪው ልክ ኖሮት ያማረ ሰርግ የሚፈልግ ቤተሰብ፣ ከዲኮር ሠሪው በፊት ባሕረ ሐሳብ የሚያወጣ ቄስ ቢያማክር ይሻለዋል። ጥር የተመረጠበት ምክንያት ግማሹ ከቤተ ክርስቲያን፣ ግማሹ ከጎተራ ነው። ጾመ ነቢያት በገና ይፈታል፤ በፎገራ ሜዳ ደግሞ ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ከፊሉ ተሸጦ ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ የሚታይበት ጊዜ ነው። ችግሩ በሩ ክፍት ሆኖ አለመቆየቱ ነው። ዓቢይ ጾም ሲፈጥን የካቲት 1፣ ሲዘገይ መጋቢት 5 ይገባል። ስለዚህ ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ ያለው ጊዜ በአንዱ ዓመት 20 ቀን፣ በሌላው ከ50 ቀን በላይ ነው፤ ከመሐሉም ነነዌ ሦስት ቀን ትወስዳለች። ጾሙ በፈጠነበት ዓመት አገሩ ሁሉ በሁለት ሦስት እሑድ ውስጥ ልጁን ሊድር ይሻማል። ያኔ ድንኳን አከራዩ ስልክ አያነሣም፤ የቪዲዮው ልጅ በአንድ ቀን ሁለት ሰርግ ይቀበልና ለአንደኛው ቅልቅሉ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ከፋሲካ በኋላ ያለው 50 ቀን ሰፋ ያለ ነው፤ አከራዩም ልብ ይገዛል። ግን እህሉ እየተወደደ የሚሄድበት ጊዜ ነውና ከድንኳኑ ያተረፉትን ለብቅሉ ይከፍላሉ።

ሩዙን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሜዳ ክረምት ክረምት ርብና ጉማራ እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት፣ በጋ በጋ የፎገራ ላሞች የሚግጡበት ሰፊ መስክ ነበር። ሩዝ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ አገሬው የለመደው ዝርያ ኤክስ ጅግና እስከ ዛሬ የጅግና ቀበሌን ስም ይዞ ይዞራል፤ አሁን ወረታ ላይ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ይህ ሁሉ ከሰርግ ጋር ምን አገናኘው? ሩዙ እንጀራውን አረከሰው፣ ፍሪዳውን አስወደደው። ጤፍ ከሩዝ ጋር ተደባልቆ ሲጋገር እንጀራው ነጣ ብሎ፣ ሌማት ላይ ሲያዩት ከከተማ ሰርግ የመጣ ያስመስላል። (ሩዝ ከበዛበት ቶሎ ይደርቃልና ለሙሽራው ሚዜዎች የሚቀርበውን ማለዳ የሚጋግሩት ለዚህ ነው።) ግጦሹ ግን ወደ ሩዝ ማሳ ስለተለወጠ ያ ትልቅ የፎገራ ሰንጋ እንደ ድሮው ከጓሮ ተጎትቶ የሚመጣ አልሆነም፤ ከገበያ በብር ይገዛል።

በገበያ ይፋግን የሚያታልል የለም። በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ብር ዘመን ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚያልፍ ነጋዴ ያውቃት ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ያለፉ የውጭ አገር ተጓዦችም ገበያዋን ጽፈውታል። የዚህች ከተማ ሰው በሬ ሲገዛ ከጥርሱ እስከ ሻኛው ሳይመረምር ብር አይቆጥርም። የሚገርመኝ፣ ያው ሰው የዲኮር ዋጋ ሲነገረው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ቀብድ መክፈሉ ነው። በሬው ላይ የሚያውቀውን ያህል ጨርቁ ላይ ስለማያውቅ ያፍራል መሰለኝ።

እኔ እንደማየው የሰርግ ወጪ ሁለት ዓይነት ነው፤ በሰው የሚሸፈንና በብር የሚሸፈን። ዳሱ በሰው ነው፦ ባሕር ዛፉ ከአማቹ ጓሮ ይቆረጣል፣ የሰፈሩ ጎረምሳ ጉድጓዱን ይቆፍራል፣ ሸራውን እድሩ ይሰጣል፣ ቄጠማው ከርብ ዳር ይታጨዳል። ጠላው በሰው ነው። ሽንኩርቱ ሜዳው ላይ የሚበቅል ነው፤ የሚልጠው ሰው ካለ። ወንበሮቹ የእድር ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈባቸውን ቁጥር ያየ እንግዳ በየትኛው እድር ወንበር እንደተቀመጠ ያውቃል። ብረት ድስቶቹም ከሥራቸው ምልክት አላቸው፤ ከሁለት እድር የመጣ ድስት ሲደባለቅ ሰርጉ ካለቀ በኋላ ለሳምንት የሚቀጥል ክርክር ይነሣል። ይህን ሁሉ «በነጻ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ወንዱ ነው። ድፍድፉን ከሁለት ሳምንት በፊት ጥላ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ሌሊቱን በእንባ ያሳለፈችው ሴት ነጻ አትለውም። ዛሬ ለእከሊት ልጅ ያለቀሰችው፣ ነገ ለራሷ ልጅ እከሊት እንድታለቅስላት ነው።

የዚህ ሁሉ መዝገብ ደግሞ ደብተሩ ነው። በዳሱ አፍ፣ ብዙ ጊዜ ከጥላው ጫፍ፣ ጽሕፈቱ ያማረ አንድ ተማሪ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ይዞ ይቀመጣል። ማን ስንት ብር ሰጠ፣ ማን ስንት እንጀራ በሌማት አመጣ፣ ማን አረቄ ይዞ መጣ፣ ሁሉም በስም ከነአባት ይጻፋል። ሰዉ ሲሰጥ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነው፤ ዓይኑ ግን ልጁ በትክክል መጻፉን ይከታተላል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ብሩን ሰጥተው ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ተመልሰው «ልጄ፣ በባሌ ስም አታድርገው፣ የእኔ ብድር ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰርጉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ሙሽሮቹ ደብተሩን ገልጠው ያነባሉ። ያን ጊዜ ነው ሰርጋቸው በዱቤ እንደነበር የሚገባቸው። ስሙ የተጻፈ ሁሉ ልጅ አለው፣ ልጁም አንድ ቀን ያገባል፤ ያኔ የተቀበሉትን ይዘው፣ ከቻሉም ጨመር አድርገው ይሄዳሉ። ለዚህ ነው «ትንሽ ሰርግ እናድርግ፣ ሰው አንጥራ» የሚል ወጣት ሽማግሌዎቹን የሚያስደነግጣቸው። አባትየው ለ20 ዓመት በየሰው ዳስ ያስቀመጠው ገንዘብ የሚሰበሰብበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው።

ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየው በ2012 ነው። በመጋቢት መጨረሻ ለኮሮና የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል፣ ለርካሽ ሰርግ እንደዚያ የተመቸ ጊዜ አልነበረም። ሙሽሮች ከሚዜዎቻቸው ጋር ብቻ ተጋቡ፤ ጥቂቶቹም ደስ አላቸው። ብድር ያለበት ሰው ግን የሚመልስበት ዳስ አጣ። ዕዳውን በፖስታ አድርጎ ቢልክ እንኳ ሳይቀመጥ፣ ሳይጎርስ፣ ሳይጨፍር የተከፈለ ብር ምኑ ብድር ይባላል?

በብር የሚሸፈነው ወገን ሌላ ነው። እሱ ነው ጊዜ አመጣሹ። ቬሎ አለ፣ ዲኮር አለ፣ ቪዲዮ አለ፤ ጎረቤት እነዚህን ሊያበድር አይችልም። ቬሎው ይከራያል። የኪራይ ቬሎ ጫፉ ላይ የባለፈው እሑድ አቧራ ሳይለቅ ይመጣል፤ ለቀጭኗ የተጠበበት፣ ለወፍራሟ የተተረተረበት ስፌት እንዳለ ነው። ለዛሬዋ ሙሽራ ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ይያዝላታልና ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብላ የምትቀመጠው በጨዋነት ብቻ አይደለም። ልጅቱ ከፈለገች ትልበሰው፤ የዕድሜ ምኞት ነው። ግን ከቬሎ ኪራይና ከጥሩ ሸማኔ እጅ ከወጣ ጥበብ አንዱን ምረጥ ብባል ሳላመነታ ጥበቡን እመርጣለሁ። እሱ በሚመጣው ጥምቀትም፣ በእህቷ ሰርግም፣ በልጇ ክርስትናም ይለበሳል። በተክሊል የሚጋቡማ ከዚህም ተገላግለዋል፤ ካባውን ደርበው፣ አክሊል ደፍተው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ያየ ሰው፣ ያን ግርማ የትኛው አከራይ በስንት ብር ያቀርበዋል?

ዲኮሩ ላይ ግን ትንሽ ልክፋ። ዳሱ ውስጥ ከአረንጓዴው ቄጠማ በላይ የፕላስቲክ ቅጠል ይንጠለጠላል። ሙሽሮቹ የሚቀመጡበት ወርቃማ ሶፋ ከሥሩ እንዳይወዛወዝ ካርቶን ተደርጎለታል። ከጀርባ በፎም ተቆርጦ የተለጠፈው የሙሽሮቹ ስም መነሻ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ለምን እንደሆነ ለብዙ ጊዜ ሳስብ ኖሬ ምናልባት የሒሳብ ጉዳይ ይሆናል ብያለሁ፤ አከራዩ 231 ፊደል ከሚያስቆርጥ 26 ቢያስቆርጥ ይቀለዋል። የሰርጉ አዛዥ ደግሞ የቪዲዮው ልጅ ነው። እናት ልጇን እየመረቀች እንባዋ ሲመጣ «እማማ፣ አንዴ ይድገሙልኝ፣ መብራቱ አልያዘም» ይላል። ውጭ አገር ያለ ወንድም ደግሞ «እኔ እከፍላለሁ፣ ድሮን ይኑረው» ብሎ ይደውላል። ባለፉት ዓመታት በዚህ አገር ሰማይ ላይ የድሮን ድምፅ ሲሰማ ቀና ብሎ የሚስቅ ሰው እንደሌለ እሱ ካለበት ሆኖ አይታየውም፤ ዘመዶቹም ምክንያቱን በስልክ አይነግሩትም፤ «ገንዘቡን ለበሬው አድርገው» ይሉታል።

ከጥምቀት በማግስቱ፣ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ ነው። በየዓመቱ ወንጌሉ ሲነበብ የእኛ አገር ደጋሽ ሴቶች ከማንም በላይ የሚገባቸው ይመስለኛል። ሰርግ ተጠርቶ መጠጥ ማለቁ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል፤ መጀመሪያ ያስተዋለችውም እናት መሆኗ አይገርማቸውም። የጠላው ጋን ስንት እንደቀረው የሚያውቁት ሁልጊዜ እነሱ ናቸውና። ሲያንስ በጀሪካን ከጎረቤት ይመጣል፤ ቀጠን ተደርጎም ይጠመቃል። የጎንደሩ ዳሽን ቢራ ሳጥኑ ከፊት ለፊት ለዓይን ይደረደርና ለሽማግሌዎቹና ለከተማ እንግዶች ብቻ ይከፈታል። ጥሩ ደጋሽ ማለት ይህን ሁሉ ሙሽራው ሳይሰማ የምትጨርስ ናት።

ባለፈው አንድ ዘመድ ቤት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ወጪ ለመቀነስ ተቀምጠው ነበር። የወንዱ አጎት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዘመኑ ከባድ እንደሆነ፣ መንገድም ሲዘጋ ሲከፈት እንደከረመ አስረድተው ሲያበቁ፣ «እትዬ፣ መልሱን ከሰርጉ ጋር በአንድ ቀን ብናደርገውስ? ሁለት ድግስ ከሚሆን» አሉ። የሴቲቱ እናት ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አያ፣ ልጄ ከደጄ ሳትወጣ ምኑን ተመለሰች ይሉኛል? ቤቷን አይታ፣ አድራ፣ መልሳ ደጄን ትርገጥ እንጂ።» ዝም ተባለ። ጠላ ተቀዳ። አጎትየው እንደገና ወረቀታቸውን አዩ፤ ዲኮሩ ጋ ሲደርሱ ሴትየዋ «ይቅር» አሉ፤ ወርቃማው ሶፋ ጋ ሲደርሱ «የእኛው አልጋ ጋቢ ቢለብስ ምን ይለዋል» አሉ። ቪዲዮው ላይ ትንሽ አመነቱና አንድ ካሜራ ተፈቀደ። መልሱ ሳይነካ ቀረ፤ እንዲያውም ከአንድ በግ ወደ ሁለት አደገ። ሙሽራው ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ስልኩን እያየ ለባጃጆቹ ቀብድ ይልክ ነበር።