ምርጡ ጠቦት ቀድሞ ወደ ገበያ ሲሄድ

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ልጄና የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄ አጅበውኝ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ መንዝ ተጓዝኩ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በነርስነት ሳገለግል በኖርኩባቸው ዓመታት ወደ አገሬ የምሄደው ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ነበር፤ ያውም በማግሥቱ ለመመለስ እየተጣደፍኩ። ዘንድሮ ግን ለቅሶም ሠርግም አልጠራኝም። ታናሽ ወንድሜ በስልክ፣ «እትዬ፣ በጎቻችን እንደ ሰው ካርድ ወጥቶላቸዋል፤ መጥተሽ እዪ» ስላለኝ ነው የሄድኩት።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሸኖን ስናልፍ በየደጁ እንደ ትንሽ ጎጆ የተከመረ ኩበት መታየት ጀመረ። የልጅ ልጄ፣ «አያቴ፣ ምንድን ነው?» አለችኝ። «የእናቶች ማገዶ ነው» አልኳት። እውነት ነው፤ ዛፍ ባነሰበት ደጋ ኩበት ባይኖር እንጀራ አይጋገርም። ነገር ግን የሚነደው ኩበት ሁሉ ወደ ማሳው ሳይመለስ የቀረ ምግብ ነው። የሰው ጦም አዳሪ እንዳለ ሁሉ አፈርም ጦሙን ያድራል፤ ልዩነቱ አፈር አለማልቀሱ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ፣ አንዲት ጥድ ላይ ስንደርስ ልጄ መኪናውን እንዲያቆም ለመንኩት። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ነፋሱ አጥንት የሚሰብር ተዳፋት ነው። በ1974 ዓ.ም. ገደማ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ የምርምር ጣቢያ ያቋቋሙት እዚህ ነው። ያን ጊዜ እኔ ገና ተመርቄ በዚያው አውራጃ እሠራ ነበር። እርከን ሲሠሩ ድንጋይ ጣታቸውን የጨፈለቃቸውን ገበሬዎች ቁስል ስጠርግ፣ «ምን ያደርግላችኋል ይኼ ድንጋይ መደርደር?» እያልኩ እጠይቃቸው ነበር። «እህል ይሰፈርልናል፤ ለሌላው እንጃ» ይሉኝ ነበር።

ለሌላው ምን እንዳደረገ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በጣቢያው የነበረው አሠራር ለነርስ እንግዳ አይደለም። ከማሳው ግርጌ ማጠራቀሚያ ይቀመጣል፤ ዝናብ ሲጥል ታጥቦ የወረደው ውኃና አፈር እዚያ ገብቶ ይለካል። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ የአካባቢው ሰው በጠርሙስ ናሙና ይቀዳል። እኛ የሕመምተኛውን ሽንት ለክተን ኩላሊቱን እንደምናውቀው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ልኬት የታወቀ አንድ ነገር፣ ከዓመቱ አፈር የሚበዛው ታጥቦ የሚሄደው በጥቂት ከባድ ዝናቦች መሆኑ ነው። የስዊሱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በአገራችን ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይሄዳል ብሎ ገምቷል። በኩንታል ብንቆጥረው 420 ነው። ከዚያው ሄክታር 420 ኩንታል ገብስ ያፈሰ ገበሬ ግን አይቼ አላውቅም። ከምንሰበስበው ይልቅ የሚወሰድብን ይበልጣል ማለት ነው።

ጣርማ በር ላይ ጣሊያን ከቆፈረው ዋሻ ሳንደርስ ወደ ግራ ታጥፈን የመንዝን መንገድ ያዝን። ሞላሌን ወጣ ብሎ ካለው የወንድሜ ቤት ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ወንድሜ ካፖርቱን ደርቦ፣ ሚስቱ ጠላ ይዛ፣ ልጆቹ ተሰልፈው ተቀበሉን። እግራችንን ታጥበን፣ ቆሎ ቀርቦልን ሳናበቃ ወንድሜ ብድግ ብሎ ወጣ። ሲመለስ ቀንዱን ይዞ አንድ ቀይ ዳማ ጠቦት እየጎተተ ነው። ዓመት የሞላው፣ ደረቱ ሰፊ፣ ላቱ የተንዠረገገ፤ ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር ተሰክቶበታል።

«ይኼ ያንቺ ነው፤ ነገ ጠዋት ይታረዳል» አለኝ።

ደስ ብሎኝ ልመርቀው ስል ዓይኔ በሩ ላይ ከቆመው የወንድሜ ልጅ ላይ አረፈ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። ምንም አልተናገረም፤ ፊቱ ግን ሐኪም የከፋ ውጤት እንደነገረው ሰው ሆኗል። «ምን ሆንክ፣ ልጄ?» አልኩት። አባቱን አየት አደረገና፣ «ምንም አይደል፣ አክስቴ። በስድስት ወሩ ሲመዘን ከእኩዮቹ በ3 ኪሎ የበለጠ ነው። ከነገ ወዲያ ምርጫ አለው» አለ።

እዚህ ላይ አንባቢዎቼ ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ አባቴ ልንገራችሁ። እኔ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ተቀምጬ ስማር፣ አባቴ በየመስከረሙ አንድ በግ ሸጦ ደብተርና ጫማ ይገዛልኝ ነበር። የሚሸጠው ደግሞ ከመንጋው ትልቁን ጠቦት ነው፤ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነዋ። ወንድሜ ከበጎቹ ኋላ ቀረ፤ ቤቱ እረኛ ያስፈልገው ነበር። እኔ ነርስ የሆንኩት በእነዚያ ጠቦቶች ነው። ይህን ሁልጊዜ በኩራት እናገር ነበር። በጉ ከመሸጡ በፊት ግልገል አለመተካቱን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

በማግሥቱ ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል የመጣ ወጣት ባለሙያ ያስረዳኝም ይህንኑ ነው። ገበሬው ችግር ሲገጥመው ቶሎ ያደገውን ጠቦት ቀድሞ ይሸጣል። ገዢ ያላገኘው፣ ዘገምተኛው መንጋው ውስጥ ይቀራል። እናት በጎቹን የሚያጠቃውም እሱ ነው። ስለዚህ የሚመጣው ትውልድ አባት የሚሆነው ማንም ያልፈለገው በግ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም ልጁን ለማስተማር፣ ግብሩን ለመክፈል፣ ማዳበሪያ ለመግዛት ነው የሸጠው። መንጋው ግን ዓመት በዓመት ይቀጭጫል።

መፍትሔው ለብዙ ጊዜ የተፈለገው ከውጭ ነበር። ኮሪዴልና ሃምፕሻየር የሚባሉ በጎች መጡ። ድቅሎቻቸው ገዘፍ ቢሉም ላታቸው የከሳ ነበር፤ ላት የሌለው በግ ደግሞ ለመንዝ ሰው በግ አይደለም። ቀጥሎ ላት ያለው አዋሲ ከእስራኤል መጣ፤ ኋላም ዶርፐር ከደቡብ አፍሪካ። አዋሲን የወደዱት ነበሩ። ሆኖም በማርቢያ ማዕከላት በተደረገ ጥናት ማዲ ቪስና የሚባል፣ ሳንባን ቀስ እያለ የሚያደክም የቫይረስ በሽታ ተገኘ። ከእናት ወደ ግልገል በእንገርና በወተት፣ ከበግ ወደ በግ በትንፋሽ የሚተላለፍ ነው። ያን ስሰማ፣ ሳይመረመር የተሰጠ ደም ትዝ አለኝ።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ግልገሉ ሲወለድ ከ2 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ብርዱን፣ የመኖ እጥረቱን፣ የሆድ ትሉን ችሎ የሚኖር እሱ ነው። ጸጉሩም ባና ይወጣዋል። ስለዚህ በ2001 ዓ.ም. ሌላ መንገድ ተሞከረ። ኢካርዳና ኢልሪ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት፣ በቪየና የሚገኝ የግብርና ዩኒቨርሲቲና የአገራችን የምርምር ማዕከላት ሆነው በመንዝ፣ በሆሮ፣ በቦንጋና በአፋር በጎች ላይ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚመራውን የዝርያ ማሻሻል ጀመሩ።  ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጥሩው በግ ያለው ከገበሬው መንጋ ውስጥ ነው፤ ሳይሸጥ መለየት ብቻ ያስፈልጋል።

እንዴት እንደሚለይ ሳይ ሳቄም እንባዬም መጣ። ከመንደሩ የተመረጠች፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ተንጠልጣይ ሚዛን ይዛ በየቤቱ ትዞራለች። ግልገል ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ታስራለች፤ እናቱን፣ የተወለደበትን ቀን፣ ክብደቱን ትመዘግባለች። ጡት ሲጥል ትመዝናለች፤ ስድስት ወር ሲሞላው ትመዝናለች። በ1977ቱ ድርቅ እኔ በእንዲህ ያለ ሚዛን ሕፃናት እመዝን ነበር። እናቶች፣ «ልጄን አትቁጠሩብኝ፤ ዓይን ይገባዋል» ብለው ይሸሹኝ ነበር። እኔም ካርዱ ላይ መስመሩ ወደ ታች ሲወርድ ለማን እንደምናገር ይጨንቀኝ ነበር። ዛሬ በዚያው አገር ሴቶቹ፣ «የእኔ ስንት መዘነ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጅቷን፣ «እንገሩን ወዲያው እንዲጠባ ትነግሪያቸዋለሽ?» አልኳት። «መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው፣ እማማ» አለችኝ። ጉንጯን ሳምኳት።

የተመዘገበው ሁሉ ደብረ ብርሃን ሄዶ ይሰላል፤ ብልጫ ያሳዩት ጠቦቶች በደረጃ ይቀመጣሉ። የመጨረሻው ቃል ግን የገበሬዎቹ ኮሚቴ ነው። ቁመናውን፣ ላቱን፣ ቀንዱን፣ ቀለሙን አይተው ይወስናሉ። ማኅበሩ የተመረጠውን ገዝቶ ለጎረቤታሞች መንጋ ያውላል፤ ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል። የተመረጠውም ቢሆን የገዛ ልጆቹ ሳይደርሱ ከመንጋው ይነሣል። በእኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ አሁን ለበጉም ይቆጠርለታል ማለት ነው።

ያ ሁሉ የተነገረኝ ግን በማግሥቱ ነው። በመጣሁበት ምሽት፣ ጠቦቱ እፊታችን ቆሞ፣ ወንድሜን፣ «ይኼን ተወው። ዶሮ ይበቃናል» ብዬ ጀመርኩ። ተቆጣ።

«ሰው ምን ይለኛል? እህቱ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታ ዶሮ አቀረበላት ይባል? አባታችን ላንቺ ትልቁን ይሸጥ አልነበር? እኔ ላንቺ ትልቁን ባርድ ምን ነውር አለው?»

መልስ አጣሁ። ወንድሜ አንድም ቀን «አንቺ ተማርሽ፣ እኔ ቀረሁ» ብሎኝ አያውቅም። ያን ምሽትም አላለኝም። እኔ ግን ሰማሁት። ትንሽ ቆይቼ፣ «አባታችን የሸጣቸውን ልመልስልህ አልችልም። ይኼኛውን ግን ልብላብህ አልፈልግም። ለልጅህ ተውለት» አልኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። የሚስቱ ሐሳብ ገላገለን፤ ሁለት ዓመት ሳትወልድ የቆየች መካን በግ ነበረች፤ እሷ ታረደች። ሥጋው ጣፋጭ ነበር፤ ወንድሜ ግን ብዙም አልጎረሰም።

ከሰዓት በኋላ የወንድሜ ልጅ ማሳቸውን አሳየኝ። በተዳፋቱ ላይ የተሠራው እርከን ዳሩን ትሪ ሉሰርን የሚባል የመኖ ዛፍና ሣር ተተክሎበታል። «ድሮ አባባ እርከን አይወድም ነበር፤ መሬት ይበላል፣ አይጥ ያራባል ይል ነበር። አሁን ቅጠሉን ለበጎቹ እናጭዳለን» አለኝ። በጎቹ ቅጠሉን ይበላሉ፤ በጠጣቸው ከበረቱ ተጠርጎ፣ ከገለባው ጋር በስብሶ ወደ ገብሱ ማሳ ይመለሳል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል። አንዲት ጥድ ላይ ያየሁትና በረቱ ውስጥ ያየሁት ነገር እዚህ ተገናኘልኝ። አፈርም እንደ ጠቦቱ ነው፤ ቀድሞ የሚሄደው ከላይ ያለው ምርጡ ነው።

በምርጫው ቀን መንደሩ ተሰበሰበ። የእኛ ጠቦት በክብደት አንደኛ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቀንዱን ዳብሰው፣ እግሮቹን አይተው፣ «ቁርጭምጭሚቱ ቀጠነብኝ» አሉና ሦስተኛ አደረጉት። የሚፈለጉት ሦስት ስለነበሩ አለፈ። ማኅበሩ የከፈለው ዋጋ ለፋሲካ ገበያ ቢቆይ ከሚያወጣው እንደሚያንስ ወንድሜ አጉረመረመ። እውነቱን ነው፤ እጁ ላጠረው ሰው የነገ መንጋ የዛሬን ዕዳ አይከፍልም። ስንሰነባበት የሴት ልጁን የትምህርት ወጪ እስክትጨርስ ከጡረታዬ እንደምከፍል ነገርኩት። «ልክ እንደ አባባ» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን የምሸጠው በግ የለኝም።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ችግር ሲመጣ ሁላችንም የምንሸጠው ዋጋ የሚያወጣውን ነው። አልፈርድም፤ እኔም የዚያ ሽያጭ ፍሬ ነኝ። ብቻ ከመሸጣችን በፊት ከእሱ ዘር መያዛችንን እንይ።

በሐምሌ መጀመሪያ የወንድሜ ልጅ ደወለልኝ። የመጀመሪያው ግልገል ተወልዷል፤ 2 ኪሎ ከ600 ግራም። ከስልኩ አጠገብ ባለው ደብተር ላይ ከነቀኑ ጻፍኩት። ከዚያ ልማዴ ነውና፣ «እንገሩን ጠባ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጠብቷል፣ አክስቴ። አባባ ራሱ ነው ያስጠባው።»