«ጨዋዋ» እና «ኩሯ»፦ ለአንድ ነገር ሁለት ስም



እኛ አጋሮ ተወልደን ያደግን፣ አሁን ጅማ ከተማ የምንኖር ሁለት እህትማማቾች ነን። ታላቋ በ34፣ ታናሿ በ31 ዓመታችን ኦቲዝም እንዳለብን በሐኪም ተነገረን። ሰበቡ የታላቋ ልጅ ነው። ንግግር ዘገየበትና አዲስ አበባ ወስደን ስናስመረምረው ሐኪሟ ስለ ቤተሰቡም ጠየቀች፤ ኦቲዝም በዘር ሊወረስ ይችላልና። ስለ እሱ የተጠየቅነው ሁሉ የእኛን ልጅነት የሚተርክ ሆነብን።

ኦቲዝም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የማይናገር ወንድ ልጅ ነው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ ከገለጻቸው 11 ልጆች ሴቶቹ 3 ብቻ ነበሩ። በሀገራችንም ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው ለጆጆ የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው፣ በ2002 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። እኛ ያኔ አጋሮ ተማሪዎች ነበርን።

ሐኪሞች ከሚያዩዋቸው ምልክቶች አንዱ ሰውን ዓይን ለዓይን አለማየት ነው። በእኛ ሰፈር ግን ዓይኗን ሰበር የምታደርግ ልጅ «ሀያእ ያላት» ተብላ ትመሰገናለች። ዝም የምትል ልጅም «ጨዋ» ናት። ታዲያ ማን ይጠርጥር?

ታላቋ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ አትለይም ነበር። መቁላት፣ መውቀጥ፣ መቅዳት፤ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ተራው አይለወጥም፤ እጇም ሥራ ስለያዘ ብዙ ማውራት አይጠበቅባትም። ጎረቤት «ባለሙያ» አላት። እንግዳ ሊመጣ ሲል ምን እንደምትመልስ፣ መቼ እንደምትስቅ ስታጠና እንደምታድር ግን የሚያውቅ አልነበረም። እንግዳው ሲሄድ ጓዳ ገብታ በጨለማ ትተኛለች። ብዙ ሴቶች እንዲህ እየተደበቁ ሳይታወቅላቸው ያድጋሉ።

ታናሿ መደበቅ አልቻለችም። በቡና ወቅት የመፈልፈያው ድምፅ ሲነሳ ጆሮዋን ይዛ ትሮጣለች። ሰርግ ቤት ድቤ ሲመታ ጥላ ትወጣለች። የዘመድ መሳም ይከብዳታል። መጀመሪያ «ኩሩ» ተባለች፤ ቀጥሎ «ጂን ነክቷታል» ተባለ። ሩቅያ ተደረገላት፤ ቁርኣን ሲቀራ ረጋ ትል ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። የጎዳት ከዚያ በኋላ የመጣው ወሬ ነው። ከሰርግ በወጣች ቁጥር «አልለቀቃትም» ተባለ። ለጋብቻ ሊጠይቋት ያሰቡ ሽማግሌዎችም ይህን ሰምተው ቀሩ።

የኦቲዝም ምርመራ በደም አይደለም፤ ረጅም ጥያቄና መልስ ነው። እናታችንም ተጠይቃ፣ ሁለታችንም በልጅነታችን የቡና ፍሬ በመጠን እየለየን ስንደረድር እንደምንውል ተናገረች። ያን ቀን የገባን ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ሁለታችንም ያለን አንድ ነገር ነበር። አንዷን አስመሰገናት፣ ሌላዋን አሰደባት። ምስጋናውም ስድቡም ሁለታችንን ያለ እርዳታ አስቀረን።

ኦቲዝምን የሚያጠፋ ኪኒን የለም። ያለፈውም አይመለስም። ግን ስሙን ስናውቅ ራሳችንን መውቀስ አቆምን። አሁን ኒካሕ ላይ እንገኛለን፤ ድቤው ሳይጀመር ተሰናብተን እንወጣለን፤ ቤተሰብም ያውቃል። ታላቋ ሲደክማት «ዛሬ እንግዳ አልችልም» ትላለች። ልጃችንንም ዘመድ ግድ ስሞ ሰላም እንዲለው አናስገድደውም፤ እጁን መዘርጋቱ ይበቃል።

ወንድሜ፣ እህትህን «ኩሩ» ከማለትህ በፊት ምን እንደሚከብዳት ጠይቃት። እህቴ፣ ዝምተኛ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰው መሀል መሆን እስኪያምሽ የሚያደክምሽ ከሆነ ባለሙያ አማክሪ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ከዚያ መጀመር ይቻላል። ሩቅያ ማድረግም ሐኪም ከማየት አያግድም።

ሰውን በማያውቁት ስም መጥራት ቀላል ነው፤ የተጠራበት ግን ሠላሳ ዓመት ይሸከመዋል። አላህ እርስ በርስ የምንተዛዘን ያድርገን። ኣሚን።