በሕግ አምላክ

ዳኛም ፖሊስም በሌለበት ሜዳ ላይ ሁለት ሰዎች ዱላ ቢማዘዙ፣ ለደካማው ወገን አንዲት መሣሪያ ነበረችው፤ «በሕግ አምላክ!» የምትል ቃል። ቃሏ ስትጠራ እጁን የሰነዘረ ይሰበስባል፤ የሚሄድ ይቆማል፤ ነገሩም ከጉልበት ወጥቶ ወደ ዳኝነት ይገባል። አላፊ አግዳሚው የመንገድ ዳኛ ተብሎ ይቀመጣል። ካልሆነም ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አቋጥረው ወደ ሹሙ ይሄዳሉ። ስለ ዱሮው ሥርዓት በጻፍን ቁጥር የምናነሳው ጭቆናውን ነው፤ እውነትም ነው። ይሁን እንጂ ያው ሥርዓት፣ ሁልጊዜ ባይሳካለትም እንኳ፣ እረኛው ጌታውን ባንድ ቃል ሊያስቆም የሚሞክርበትን ልማድ ይዞ ኖሯል። ይኸን ሳናስተውል ብናልፍ የምንጎዳው እኛው ነን።

እኛ ዘንድ በአዊ አያቴ ቀኑን ሙሉ በአውኚ ስታወራ ውላ፣ ነገር ሲከርባት ግን «በሕግ አምላክ» የምትለው በአማርኛ ነበር። ሹሙ የሚሰማው በአማርኛ ስለነበረ ይመስለኛል። ሰው በገዛ ቋንቋው ያለቅሳል፤ መብቱን ግን በዳኛው ቋንቋ ይጠይቃል። ይኸ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ እዚህ ላይ ልተወው።

እንግዲህ ቃሏ ጉልበቷን ከወዴት አገኘች? ብንል፣ ተናጋሪው ዘንድ አልነበረም። ተናጋሪውማ ደካማ ነው፤ ጉልበት ቢኖረው ምን ያስጮኸዋል? ጉልበቱ ያለው ሰሚው ዘንድ ነው። ሰሚው እግዜርን ይፈራል፤ በዙሪያው ያሉትንም ያፍራል። ሕግ፣ ሃይማኖትና ይሉኝታ በአንዲት ቃል ውስጥ ተቋጥረው ነበር ማለት ነው።

ቋጠሮው ግን ሁሉንም እኩል አላቀፈም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፃዊው ክርስቲያን ሊቅ በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ሕግ ነው። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ አጽንቷት ነበር። ታዲያ «የሕግ አምላክ» የማን አምላክ ነው? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት ሙስሊሞች፣ አብረዋቸው የተሰለፉ ክርስቲያኖችም ጭምር፣ የጠየቁት በመሠረቱ ይኸንኑ ነበር። ከዚያ በኋላ የእስልምና በዓላት የአገር በዓላት ሆኑ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ፤ በአንቀጽ 27 ለማንኛውም ሰው የእምነት ነፃነት ሰጠ። በኔ አስተያየት ይኸ ቃሏን አላከሰማትም፤ ከአንድ ደጀ ሰላም አውጥቶ ለሁሉም ሰጣት እንጂ። በዳንግላ ገበያ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሚዛን ሲጎድልበት የሚጠራት ያችኑ ቃል ነው።

በሌላ በኩል የልማዱ ነገር አለ። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን የልማድ ሕግ በአንቀጽ 3347 ሻረ። በወረቀት ተሻረ ማለት ነው፤ በዛፉ ጥላ ሥር ግን ሽማግሌው ተቀምጦ ቀጠለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይኸን አይቶ ይመስላል፣ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል የፈቀደው። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስገባ፤ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ። ይኸ «ከፈቀዱ» የሚለው ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ምክንያቱን ላጫውታችሁ።

አክስቴ የምትኖረው በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ነው። የዚያን አገር ሰው ኑሮ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ እንደ ለወጠው መንገዱን የሄደ ሁሉ ያውቃል። ችግኙ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም በጆንያ ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። አክስቴና ባሏ ሊፋቱ ሲሉ ለመቆረጥ አንድ ዓመት የቀረው ዲከረንስ ማሳቸው ላይ ቆሞ ነበር። በመሬቱ ክርክር አልተነሳም፤ የይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ አለበት። ክርክሩ በዛፉ ሆነ። ሽማግሌዎቹ «መሬቱን እኩል ተካፈሉ፤ ዛፉን ግን የተከለው እሱ ነውና ለሱ ይሁን» አሉ። ችግኙን በጀርባዋ ያመላለሰችው፣ አረሙን የነቀለችው እሷ እንደሆነች ከመካከላቸው የማያውቅ አልነበረም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት በጋብቻ ሳሉ ያፈሩት ሀብት የጋራ ነው ይላል።

እነዚህ ሽማግሌዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ ፈረስ ሲጋልቡ የምናጨበጭብላቸው፣ ደም የተቃቡ ወገኖችን ያስታረቁ አባቶች ናቸው። ግን «ተስማማሽ?» ሲሏት ዝም አለች፤ ዝምታዋም እሺታ ሆነ። የንስሐ አባቷ ነገሩን በግዝት ሊያስሩ መስቀላቸውን ሲያወጡ ነው ድንገት ከተቀመጠችበት የተነሳችው። «አባቶቼ፣ በሕግ አምላክ!» አለች።

እኔ ለክረምት ዕረፍት ሄጄ ከቀርከሃው አጥር ጥግ ቆሜ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ «ምን? ሽማግሌ ፊት ደግሞ በሕግ አምላክ ይባላል? እኛ ወንበዴ ነን እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ሌላው ሳቁ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ግን ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱና «ቃሉ ተጠርቷል፤ ከተጠራ አይታለፍም። ልጄ፣ ፍርድ ቤት ሂጂ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሸንጎው በዚያው ተበተነ።

ፍርድ ቤቱ ዛፉን እኩል አካፈላቸው። ይኸ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ጽሑፌም እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ከዚያ ወዲህ አክስቴን ቡና የሚጠራት ጎረቤት የለም። ከማኅበሩ አላስወጧትም፤ ክፉ ቃልም አልተናገሯትም። ብቻ ዝም አሏት። «ሽማግሌ የረገጠች» ሆነች። ማሳዋን የሚያርስላት ሰው ስታጣ ከሌላ ቀበሌ በገንዘብ ታስመጣለች። ሕጉ የዛፉን ግማሽ ሊሰጣት ቻለ፤ የጠዋቱን «እንዴት አደርሽ» ግን በየትኛው አንቀጽ ይስጣት?

የንስሐ አባቷ በኋላ «እርቅ ከፍርድ ይበልጣል» አሏት። እኔም እርቅን አልጠላም። ግን እኒሁ ቄስ በቤተ ክርስቲያን ስለሚያነቡት ስለ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 አሰብኩ። እዚያ ያለችው መበለት ዳኛውን ደጅ እየጠናች ፍረድልኝ ትላለች፤ ጌታም ለምሳሌነት ያቀረባት እንጂ «ሂጂ፣ ታረቂ» አላላትም። ይቅርታ የተበዳይ ገንዘብ ነው፤ ሌላ ሰው በስሟ ሊሰጠው አይችልም። ሃይማኖቱን በቅጡ ብንመረምረው ከሕጉ ጋር የሚጣላበት ቦታ እንደሚመስለን ብዙ አይደለም። የሚጣላው ይሉኝታችን ነው።

ስለዚህ ባንዳንድ ጓደኞቼ ሐሳብ አልስማማም። ከፊሎቹ «ሽማግሌ የሚባል ይቅር፤ ሁሉም ፍርድ ቤት ይሂድ» ይላሉ። ፍርድ ቤት ለገበሬ የመንገድ ገንዘብ፣ የቀጠሮ ምልልስ፣ የሥራ ቀን ነው። ሽማግሌው በሰፈሩ በነፃ ተቀምጦ ይሰማል፤ ብዙ ደምም አድርቋል። ሌሎቹ ደግሞ «ባህላችን ይከበር፤ የውጭ ሕግ አንሻም» ይላሉ። ለነሱ መልሴ እኚያ ሽማግሌ ናቸው። «ቃሉ ከተጠራ አይታለፍም» ብለው የተነሱት አንቀጽ 34ን አንብበው አይደለም፤ ካባታቸው የወረሱት ነው። ባህላችን አስተራራቂም አለው፣ አስቁሚኝ ባይም አለው። እኛ የምንጠራው ግን ለበላዩ የሚመቸውን ብቻ ነው።

ፈቃድ ማለት እምቢ ማለት በሚቻልበት ቦታ የተሰጠ እሺታ ነው። እምቢ ስትል ጎረቤቷን የምታጣ ሴት ፈቀደች አይባልም። ይኸን ነፃነት ሊሰጣት የሚችለው አዋጅ ብቻውን አይደለም፤ በዚያ ሸንጎ ዙሪያ የቆምነው ሰዎች ነን።

እኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ስንገባ «የተማረ ነው» እየተባልን ከሽማግሌ ጎን የምንቀመጥበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ አንቀጽ መደርደሩ ብዙም አይጠቅም። ነገሩ ከመታሰሩ በፊት ሴትዮዋን ለብቻዋ ወስዶ «እምቢ ብትይ ምን ይገጥምሻል?» ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል። ፍርድ ቤት ሄዳ ስትመለስም ደጃፏን ሳያልፉ ገብቶ ቡናዋን መጠጣት ይቻላል።